11 ጥይት ተኩሼ አንድም ወፍ አልጣልኩም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ወንድሜ ሚኒሶታ ይኖራል። አምና ታኅሣሥ ልጠይቀው ሄጄ፣ የአደን ፈቃድ አውጥተን ወፍ አደን ወሰደኝ። ወፉን ፌዘንት ይሉታል፤ ቆቅ ቢጤ ነው፣ ጅራቱ ግን ረጅም። በሾትገን (ጥይቱ ጥቃቅን እርሳስ በሚበትን ጠመንጃ) 11 ጥይት ተኩሼ አንድም አልጣልኩም። የወንድሜ ውሻ ራሷ መጨረሻ ላይ ዞር እያለች ታየኝ ጀመር። ዘንድሮም እሄዳለሁ። እስከዚያ እዚህ ሆኜ ምን ልለማመድ? የራሴን ውሻስ ጣና ዳር ወስጄ ወፍ ባስለምደው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሻዋ እውነቷን ነው። እሷ ድርሻዋን ተወጥታለች።

እኛ አገር ተኩስ ሲባል አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ ትንፋሽ ውጦ ማነጣጠር ነው። ቆሞ ለሚጠብቅህ ነገር ልክ ነው። የሚበር ወፍ ላይ ግን አፈሙዙን እያየህ ስታስተካክል እጅህ ይቆማል፣ ወፉ ይሄዳል፣ አንተ የምትመታው የነበረበትን አየር ነው። ስለዚህ አፈሙዙን እርሳውና ወፉን ብቻ እይ። ከኋላው ተነስተህ፣ ደርሰህበት፣ ስታልፈው ምላጩን ሳብ፤ ከተኮስክ በኋላም እጅህ ጉዞውን አያቋርጥ። ፌዘንት ደግሞ ግማሹ ጅራት ስለሆነ ዓይን ያታልላል። አውራው አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት አለችው፤ እሷን እይ። ሚኒሶታ የሚፈቀደውም አውራው ብቻ ነው። ከ35 ሜትር ከራቀ ተወው፣ አቁስለህ ነው የምትሰደው።

ልምምዱን መስታወት ፊት ጀምር። ጠመንጃ አያስፈልግህም፣ የመጥረጊያ እንጨት ይበቃል። እንጨቱን ወደ ጉንጭህ አምጣ እንጂ ጉንጭህን ወደ እንጨቱ አትውሰድ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ወፉ ወዴት እንደሄደ ለማየት አንገቱን ቀና ስለሚያደርግ ነው። ጋቢህንም ደርብ። አትሳቅ! በነሱ ክረምት (በረዶውን ማለቴ ነው፣ የኛን ሐምሌ አይደለም) የምትተኩሰው ወፍራም ካፖርት ለብሰህ ነው፣ ሰደፉም ብብትህ ሥር ይያዝብሃል። መጀመሪያ ወደ ፊት ግፋው፣ ከዚያ ወደ ትከሻህ ሳበው። በቀን 20 ጊዜ ካደረግከው እጅህ ራሱ ይለምደዋል። ግን ቤት ውስጥ ይሁን። በዚህ ጊዜ እንጨትም ከሩቅ ሲታይ ጠመንጃ ይመስላል።

ሐይቁ ዳር ስትወጣ ጣትህ ይበቃሃል። ሁለት ዓይንህን ከፍተህ ሩቅ ያለች ታንኳ ላይ ጠቁም፣ ከዚያ ግራ ዓይንህን ጨፍን። ጣትህ ከታንኳዋ ካልሸሸ ቀኝ ዓይንህ መሪ ነው። ከሸሸ ግን መሪው ግራህ ነው ማለት ነው፤ በቀኝ ትከሻህ የምትተኩስ ከሆነ ያ 11 ጥይት ወዴት እንደሄደ እዚህ ጋ ሳይገባህ አይቀርም። ለወንድምህ ንገረው፣ ወይ በግራ ትከሻ ትለማመዳለህ፣ ወይ ስትተኩስ ግራውን ትጨፍናለህ።

ውሻዋን በተመለከተ፦ ታኅሣሥ ላይ ያለ ፌዘንት ከጥቅምት ጀምሮ ሲባረር የከረመ ነው። የመኪና በር ጓ ሲል ይሰማና ይሮጣል። ዝም ብላችሁ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ግቡ። ጅራቷ ሲፈጥንና አፍንጫዋ መሬት ሲነካ አትጥራት፣ ተጠግተህ ተዘጋጅ። ከወፉ በታች ሰማይ ካልታየህ አትተኩስ፤ ዝቅ ብሎ የሚበር ወፍ ሥር ውሻዋ አለች። በየመሃሉም እግሯን እይላት፣ በጣቶቿ መሃል በረዶ ይጋገራል።

ያንተን ውሻ ግን ጣና ላይ ወፍ አታስባርረው። ሐይቁ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ሥፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅለት ቦታ ነው፤ በበጋ ዳሩን የሚሞሉት ወፎች ብዙዎቹ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ናቸው። እዚህ ማደን ካሰኘህም መጀመሪያ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠየቃል። ለውሻህ ግቢ ውስጥ ጨርቅ የተጠቀጠቀ ያረጀ ካልሲ ወርውርለት፤ ሳያኝክ ካመጣልህ ጎበዝ ነው።