ሦስት ሳምንት ቆሞ አልነሳ ያለ ስፖርት መኪና

«የ2006 ሥሪት ፖርሽ 911 አለኝ። የምነዳው አልፎ አልፎ ነው። ሦስት ሳምንት ከቆመ ሞተሪኖው ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። በሁለት ዓመት ሁለት ባትሪ ቀይሬያለሁ። አሁን ደግሞ ዲናሞው ነው፣ ቀይረው ተባልኩ። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ለጊዜው ተወው። እኔ የምጠረጥረው መቆሙን ነው። ግን በግምት ዕቃ አይገዛም፤ መጀመሪያ ቴስተር፣ ማለትም የቮልትና የአምፔር መለኪያ፣ እናውጣ።

መኪናው ከቆመ ጥቂት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሌሊቱን ካደረ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፣ የባትሪውን ቮልት ለካ። ከመንገድ እንደገባህ ብትለካ ቁጥሩ ይሸውድሃል። 12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ላይ ሩብ ያህሉ ሄዷል። 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከሆነ አልቋል በለው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ድገመው። በ13.8 እና በ14.7 መካከል ካነበብክ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። ቀይረው ላለህ ሰው ቁጥሩን አሳየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መኪናህ ተቆልፎም ኤሌክትሪክ መብላቱን አያቆምም። አላርሙ፣ የሪሞቱ መቀበያ፣ ኮምፒውተሮቹ ትንሽ ትንሽ ይጠባሉ። እስከ 50 ሚሊ አምፔር ድረስ ጤነኛ ነው እንላለን። አስላው፦ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት፣ በ21 ቀን 25 ገደማ። ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከሆነ፣ ምንም ብልሽት ሳይኖር ከሲሶው በላይ ሄደ ማለት ነው። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ጎድሎ መቀመጥ አይወድም። ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ ከደነደነ በኋላ ቻርጅ ብታደርገውም አይለቅም። አዲስ ባትሪ በዓመቱ የሚያረጀው እንዲህ ነው።

ከ50 በላይ የሚጠባ ነገር ካለ ግን መፈለግ አለበት። ቁልፉን አውጥተህ ራቅ አድርገው። የአሽከርካሪውን በርና የፊት ኮፈኑን ክፍት ተው፣ የመቆለፊያ መንጠቆዎቻቸውን ግን በካቻቢቴ ገፋ አድርገህ እንደተዘጉ አስመስላቸው። ስትጨርስ መልሰህ መፍታት እንዳትረሳ፤ በተዘጋ መንጠቆ ላይ በሩን ብታላትም ጣጣ ነው። ኔጌቲቩን ንቀልና ቴስተሩን በ10 አምፔር መስመር በባትሪውና በገመዱ መካከል አስገባ። ሲገናኝ ቁጥሩ ይዘላል፣ አትደንግጥ። ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቅ። በዚህ መሃል ቁልፍ እንዳታዞር፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ቁጥሩ አልወርድ ካለ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልክ እይ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው በኋላ የተገጠመን ነገር ነው፦ ጂፒኤስ፣ ካሜራ፣ የተቀየረ ቴፕ። ብዙ ጊዜም እዚያው አገኘዋለሁ።

911 ላይ ባትሪ ስትነቅል ሁለት ነገር ልብ በል። የበሩ መስታወት ፍሬም የለውም፤ በሩ ሲከፈት ትንሽ ወረድ የሚለው በኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ከመንቀልህ በፊት መስታወቱን ዝቅ አድርግ። ሁለተኛው፣ ባትሪው ያለው ፊት ኮፈኑ ሥር ነው፤ ኮፈኑ ደግሞ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ተነቅሎ ኮፈኑን ከዘጋኸው ደጅ ቀረህ። እንዲህ ከሆነ ወይም ባትሪው ጭራሽ ከሞተ፣ በአሽከርካሪው እግር በኩል ካለው ፊውዝ ሳጥን ውስጥ ወደ ውጭ የምትሳብ የፖዘቲቭ ጫፍ አለች። ከሌላ ባትሪ ገመድ አምጥተህ ቀዩን እሷ ላይ፣ ጥቁሩን የበሩ መቆለፊያ ብረት ላይ ያዝ። አላርሙ ይጮሃል፣ ይጩህ። ኮፈኑን ክፈትበት እንጂ ሞተር ላስነሳበት እንዳትል፣ መስመሩ ቀጭን ነው።

ሁሉም ጤነኛ ከሆነ መፍትሔው ባትሪ ጠባቂ ቻርጀር ነው፤ ሲሞላ ራሱ የሚቀንሰው ዓይነት። ባትሪህ ኤጂኤም (አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ የተመጠጠበት የእርሳስ ባትሪ) ከሆነ ቻርጀሩ የኤጂኤም ምርጫ ይኑረው። ሊቲየም ከሆነ ለሊቲየም የተሠራ ብቻ ተጠቀም። በየሳምንቱ አስር ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ግን አይጠቅምም። ሞተሪኖው የወሰደውን እንኳ በወጉ ሳይመልስ ነው የምታጠፋው።

ባትሪ የምትቀይረው ሙሉ ቻርጅ አድርገህ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ነው። አዲሱን ስትገጥም ፖዘቲቩን አስቀድም፣ ኔጌቲቩን በመጨረሻ። በአሮጌው ጎን ያለችውን የጋዝ ማስወጫ ቱቦም ወደ አዲሱ አዛውራት። ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ጋር የምትጣለው እሷ ናት።