ራውተሩ ተነስቷል፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት የሲስኮ ራውተሮች አሉን። ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩባቸውን ፕሮቶኮሎች፣ ወደ ውጭ (ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር) ቢጂፒን፣ ወደ ውስጥ (በራሳችን ራውተሮች መካከል) ኦኤስፒኤፍን ነው የምንጠቀመው። ዲፎልት ራውቱን (ሌላ የተለየ መንገድ ለሌለው ትራፊክ ሁሉ የሚሆነውን መውጫ) ሁለቱም «ዲፎልት-ኢንፎርሜሽን ኦሪጂኔት ኦልዌይስ» በሚለው ያሰራጫሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዋናው ራውተር እንደተነሳ ለአምስት ደቂቃ ያህል ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ ሁለተኛው እኮ በባትሪ ስለሚሠራ ጭራሽ አልጠፋም! ስተብ ራውተር (ሌሎች ለጊዜው በእሱ በኩል እንዳያልፉ የሚያደርግ ራውተር) አድርገው ተብዬ «ማክስ-ሜትሪክ ራውተር-ኤልኤስኤ ኦን-ስታርትአፕ ዌይት-ፎር-ቢጂፒ» ጻፍኩ። ምንም ለውጥ የለም። ምን አጠፋሁ?
ኔትወርክ ቴክኒሽያን፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮማንዱ ልክ ነው። ችግርህ ያለው «ኦልዌይስ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ኦኤስፒኤፍ ፈጣን ነው፤ ራውተሩ ከተነሳ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቶቹን አግኝቶ «አለሁ» ይላል። ቢጂፒ ግን ራውቶቹን ተቀብሎ እስኪጨርስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በዚህ መሀል የውስጥ ራውተሮች ትራፊኩን ይልኩለታል፣ እሱ ደግሞ መውጫውን ገና ስላላወቀ ይጥለዋል። ስተብ ራውተር የመጣው ለዚህ ነው። በ2001 በአርኤፍሲ (የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ) 3137 ወጣ፣ በ2013 በአርኤፍሲ 6987 ታደሰ። (ስተብ ኤሪያ ከሚባለው የኦኤስፒኤፍ ክፍል ጋር አታምታታው፣ የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ነው።) ራውተሩ ከራሱ ወደ ሌሎች ራውተሮች የሚወስዱትን መስመሮች ኮስታቸው (የመንገዱ ዋጋ፣ ያነሰው ይመረጣል) 65535 ነው ብሎ ያውጃል፣ ስለዚህ ሌላ መንገድ ያለው ሁሉ በእሱ በኩል ማለፉን ይተዋል። መንገዱ ተወደደ እንጂ አልተዘጋም። የሉፕባኩ (በራውተሩ ውስጥ ያለው ምናባዊ መገናኛ) ኮስት ግን አይነካም፣ ይሄ ደግሞ ደግ ነገር ነው፣ የውስጥ ቢጂፒ (በራስህ ራውተሮች መካከል ያለው) አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በሉፕባክ አድራሻ ነውና።

አሁን ልብ በል። 65535 የተጻፈው ከራውተርህ በሚወጡት መስመሮች ላይ ነው። ወደ እሱ የሚመጣውን መንገድ ኮስት የሚወስኑት ጎረቤቶቹ ናቸው፣ ያ ኮስት አልተለወጠም። ዲፎልቱን የሚያውጀው ራሱ ራውተርህ ስለሆነ፣ በኦኤስፒኤፍ ዓይን ትራፊኩ እሱ ጋ ሊደርስ እንጂ በእሱ በኩል ሊያልፍ አይደለም የሚመጣው፤ ስለዚህ 65535ቱ አይቆጠርበትም። «ኦልዌይስ» ስላለ ደግሞ ቢጂፒ ተነሳም አልተነሳም ዲፎልቱ ይታወጃል።

እኔ ብሆን «ኦልዌይስ»ን አወጣታለሁ። ያኔ ራውተሩ ዲፎልት የሚያውጀው ራሱ ሲኖረው ብቻ ነው፣ ማለትም ከአቅራቢህ በቢጂፒ ሲደርሰው። በእጅህ የጻፍከው ስታቲክ ዲፎልት ካለ ግን ይህ አያድንህም። አቅራቢህ ዲፎልት የማይልክ ከሆነም እንደዚሁ። እንዲህ ከሆነ እዚያው የማክስ-ሜትሪክ ኮማንድ ውስጥ «ኤክስተርናል-ኤልኤስኤ» የሚለውን ጨምርበት፣ የዲፎልቱ ሜትሪክ (ኮስት) ለጊዜው 16711680 ይሆንና ሁሉም ወደ ሁለተኛው ራውተር ይዞራል። ቢጂፒ በ600 ሰከንድ ውስጥ ካልጨረሰ ሲስኮ ራሱ ማክስ-ሜትሪኩን ያስቀረዋል።

ሌሊት ሰው በሌለበት ሪሎድ አድርገህ ሞክረው። ከውስጥ ካለ ኮምፒውተር ፒንግ እያስኬድክ ራውተሩ ላይ «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ» በል፣ ማክስ-ሜትሪኩ መሥራቱን እዚያው ታየዋለህ።