ፋሽኑን ወደድኩት፣ እኔ ላይ ግን እምቢ አለኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ

የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ልብስ በጣም እወዳለሁ። ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ የማየው ሁሉ ያምረኛል። ችግሩ ገዝቼ ስለብሰው ነው።

ዋይድ ሌግ የሚሉትን ሰፊ ሱሪ ገዛሁ። ቁመቴ አጭር ስለሆነ ዋጠኝ። ከሱሪው ጋር የሚለበሰውን አጭር ቶፕ ጨመርኩ። በእኛ ከተማ የጠዋት ብርድ ማን ሆዱን ገልጦ ይወጣል? ክሬም ቀለም ያለው ሰፊ ካፖርትም ገዛሁ፤ እሱ ደግሞ ፊቴን አመድ አስመሰለው።

አንድ ቀን ሁሉንም ለብሼ ሥራ ስገባ ባልደረባዬ «ዛሬ ደግሞ ማንን መስለሽ መጣሽ?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ድሮው ጂንስና ጥቁር ሹራብ ተመልሻለሁ። ልብሶቹ ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅለው ቀሩ።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። «የሰው ነገር አይሆንሽም፤ የራስሽን ልበሺ» ትለኛለች። የራሴ የቱ እንደሆነ ነው የጠፋኝ። እሷ ቤት ሣጥን ውስጥ የአያቴ በርኖስ አለ። አሁን ኬፕ የሚሉት ትከሻ ላይ የሚጣል እጅጌ የሌለው ልብስ ፋሽን ሲሆን ዓይኔ እሱ ላይ አረፈ። ለእኔ በሚሆን ልክ ላስቆርጠው ወይስ ነውር ነው? ፋሽን መከተሉንስ ጨርሶ ልተወው?

ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ውድ እህቴ፣

በፍጹም አትተዪው። አዲስ ነገር አይቶ መጓጓት ደስ የሚል ነገር ነው፤ በባልደረባ አንድ ቃል መጥፋት የለበትም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስልኩ ላይ ያየሽውን ከእግር እስከ ራስ እንዳለ ገዝተሽዋል። ቪዲዮው ላይ የለበሰችው ልጅ ግን ቁመቷ ሌላ፣ የምትኖርበት አየር ሌላ፣ ውሎዋም ሌላ ነው። ፎቶ ስትነሳም ልብሱ ልክ እንዲሆንላት ብዙ ጊዜ ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ ራስሽን ጠይቂ፦ እዚህ ልብስ ላይ የማረከኝ ምኑ ነው? የማረከሽን ያዢ፤ ሌላውን ለእሷ ተዪላት።

አጭሩን ቶፕ እንውሰድ። የሚያምረው ሆድ ስለሚያሳይ አይደለም። ወገብን ከፍ አድርጎ እግርን ስለሚያስረዝም ነው። ይህን ደግሞ ሆድሽን ሳትገልጪ ታገኚዋለሽ። ሸሚዝሽን ወገቡ ከፍ ያለ ሱሪ ውስጥ አስገቢና ከላይ ወገብሽ ላይ የሚያልቅ አጭር ሹራብ ደርቢበት። ቶፑንም አትጣይው፤ ከረጅም ሸሚዝ በላይ ሊለበስ ይችላል።

ሱሪው የዋጠሽ በስፋቱ አይመስለኝም። በቁመቱና በወገቡ ነው። ሰፊ ሱሪ የሚገዛው በዳሌ ልክ ነው፤ ወገቡን ልብስ ሰፊ ጋ ወስደሽ ታስጠብቢዋለሽ። ቁመቱን ስታስለኪ በብዛት የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ቁሚ። ጫፉ ከመሬት አንድ ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ ያለዚያ በክረምት የከተማችሁን ጭቃ ጠርገሽ ቢሮ ትገቢያለሽ። ትርፉን ግን አታስቆርጪ። ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋ፤ ነገ ተረከዝ ያለው ጫማ ስታደርጊ ይለቀቃል። የሱሪውና የጫማው ቀለም ከተቀራረበ ደግሞ ቁመት ይጨምርልሻል። አጭር ሴት ሰፊ ሱሪ አይሆንላትም የሚሉሽን አትስሚ። ቤልቦተም በገነነበት በ1960ዎቹ አጭሩም ረጅሙም ለብሶታል።

ጨርቁንም በእጅሽ ዳብሺው። ስስ ፖሊስተር ነፋስ ሲነካው እግር ላይ ይለጠፋል፤ ስፋቱም ትርጉም ያጣል። ጋባርዲን ወይም ሱፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከሥሩም ታይት ይደብቅልሻል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። ጣርማበርን አልፈሽ፣ ደብረ ሲናን ይዘሽ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ከፍታው ከዚያ ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ጃኬትሽን መንገድ ላይ ታወልቂያለሽ። እዚያ ለምትኖር ልጅ ያው ሱሪ በስስ ጥጥ ይሰፋላታል። ፋሽኑ አንድ ነው፣ ጨርቁ ግን እንደየአገሩ ነው።

ካፖርቱን አትሽጪው። ያስቸገረሽ ቀለሙ ፊትሽ አጠገብ መዋሉ ነው። አንገትሽ ላይ የሚስማማሽን ቀለም ያለው ሻርፕ አድርጊ፤ ክሬሙ ከፊትሽ ይርቃል። የትኛው ቀለም እንደሚስማማሽ ለማወቅ የሱቅ መብራት አይረዳሽም። ቀን መስኮት አጠገብ ቁሚና ያሉሽን ልብሶች ተራ በተራ አገጭሽ ሥር ያዢያቸው። አንዱ ፊትሽን ያፈካዋል፣ ሌላው ያጠቁረዋል። እህትሽ ወይም ጓደኛሽ አብራሽ ብትሆን ደግሞ ይበልጥ ይታያል።

«የራሴ የቱ ነው?» ላልሽው፣ መልሱ ስልክሽ ውስጥ አለ። የድሮ ፎቶዎችሽን አገላብጪ። ምን እንደለበስሽ ረስተሽ ስትጫወቺ፣ ስትስቂ የተነሳሽባቸውን ለዪ። እነሱ ላይ የሚደጋገም ነገር ታገኛለሽ። ምናልባት የአንገቱ ቅርጽ ይሆናል፣ ምናልባት አንድ ቀለም። አዲስ ፋሽን ሲመጣ ከእሱ ጋር ከተስማማ ግዢ። ጂንስሽና ጥቁር ሹራብሽም የሽንፈት ልብስ አይደሉም። አዲሱን ነገር አንድ በአንድ እነሱ ላይ ጨምሪ። ዛሬ ሱሪው ብቻ፣ ሌላ ቀን ካፖርቱ ብቻ። ያኔ ባልደረቦችሽ አዲስ ሰው ሳይሆን አንቺኑ ያያሉ።

አሁን ወደ በርኖሱ። እባክሽ መቀስ አታስነኪው! ትከሻው ላይ ሹል ያለው ጥቁር የመንዝ በርኖስ ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ ነው። አንዴ ከተቆረጠ ቅርጹ አይመለስም። ደግሞ ለምን ይቆረጣል? እሱ ራሱ ኬፕ ነው። መልበስሽም ነውር አይደለም፤ እናትሽን አስፈቅጂ እንጂ። አንቺ ላይ ስታየው ደስ የሚላት ይመስለኛል።

ስትለብሽው ከሥሩ ያለው ቀለል ይበል፤ ቀጭን ጂንስና ቦት ጫማ ይበቃል። ሰፊ ሱሪሽን ከበርኖስ ጋር አታድርጊው፤ ሁለቱም ሰፊ ሲሆኑ ሰውነትሽ ይጠፋል። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ስለሆነ አንገት ይበላል። አንገተ ረጅም ሹራብ ልበሺ ወይም ነጠላሽን አንገትሽ ላይ ጠምጥሚ፤ ነጩ በጥቁሩ ላይ ደምቆ ይታያል። ደብረ ብርሃን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ የሱፍን ጠባይ ከጎረቤቶችሽ የሚያውቅ አይጠፋም፣ ጠይቂ። ሙቅ ውሃ አታስነኪው፣ ይሰበሰባል። አታሽው፣ አትጠምዝዢው። ብዙ ጊዜ አራግፎ ነፋስ ላይ ማስጣት ብቻ ይበቃዋል። ከሣጥን ስታወጪው ስፌቱንና እጥፋቱን በደንብ እዪ፤ ብል ገብቶበት ከሆነ ቀዳዳው ትልቅ ሳይሆን በመርፌና በክር ይጠገን። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመልበስ ኅዳርና ታኅሣሥን ጠብቂ፣ ውርጩ ሲበረታ።