የቨርጂኒያ ፈቃድ ይዛችሁ ድልድዩን አትሻገሩ

አሌክሳንድሪያ የሚኖርና ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ተራ የሚሠራ አንድ ወጣት ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሽጉጥ የመታጠቅ ፈቃዴ ደረሰልኝ፤ ከእንግዲህ ሳልፈራ እሠራለሁ» አለኝ። ደነገጥሁ። ፈቃዱን የሰጠው የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ነው፤ ልጁ የሚሠራው ሜሪላንድ ነው። የዊልሰንን ድልድይ ሲሻገር ያ ፈቃድ አያድነውም።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን የመንጃ ፈቃድ ልማድ ነው። በቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ካሊፎርኒያ ድረስ ይነዳል። የመታጠቅ ፈቃድን ግን እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ሕግ ይቀበላል ወይም ይጥላል፤ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የሌላ ግዛት ፈቃድ አይቀበሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግዛቶች ያለ ፈቃድ መታጠቅን ስለፈቀዱ፣ ቴክሳስ ያለ ዘመድ «እኛ ዘንድ ማንም አይጠይቅህም» ቢላችሁ አልዋሸም። ስለ ራሱ አገር ነው የነገራችሁ።

መንገዱ ዝግ አይደለም፤ ሁለቱም ነዋሪ ላልሆነ አመልካች ፈቃድ ይሰጣሉ። በሜሪላንድ የምታመለክቱት ለግዛቱ ፖሊስ ሲሆን አሻራ ትሰጣላችሁ፣ ግዛቱ ካጸደቀው አሠልጣኝም የ16 ሰዓት ሥልጠና ትወስዳላችሁ። የዲሲው የሚወጣው ከከተማዋ ፖሊስ ነው፤ እዚያ ከ16 ሰዓት ትምህርት ሌላ የ2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ አለ። ቀድሞ «ለምን አስፈለገህ?» ለሚለው ጥያቄ በቂ ምክንያት ማቅረብ ግድ ነበር። ይህ በዲሲ በ2017፣ በሜሪላንድ ደግሞ ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ2022 ውሳኔ በኋላ ቀርቷል። የቨርጂኒያን ፈቃድ የምትፈልጉ የሌላ ግዛት ነዋሪዎችም የምትሄዱት ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ግዛቱ ፖሊስ ነው። በኢንተርኔት ብቻ የወሰዳችሁትን ሥልጠና ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ አትቀበልም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ነው። ቨርጂኒያ ከውጭ ዜጎች መካከል ፈቃድ የምትሰጠው ግሪን ካርድ ላለው ብቻ ነው። ጥገኝነት ተፈቅዶላችሁ ካርዱን የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ ጊዜው ገና ነው። በጎብኚ ቪዛ ላለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ያለ ሕጋዊ ወረቀት ለሚኖር ደግሞ ያለ ልዩነት፣ ሽጉጥ መያዝ ራሱ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። የጓደኛ ሽጉጥ መሆኑ ነገሩን አያቀልለውም። የትዳር ጓደኛውን በመምታት የተፈረደበት ሰውም፣ ዜጋ ቢሆን እንኳ፣ ጥፋቱ ቀላል ተብሎ ቢመዘገብ እንኳ፣ መሣሪያ መያዝ ይከለከላል። ስንቱ ነው «ቀላል ጥፋት ነው፣ እመንና ተገላገል» ሲባል ይህን ሳያውቅ የሚፈርመው!

በዲሲ ያለ ፈቃድ መታጠቅ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ግን እስራቱ ከመከራው ትንሹ ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ ማንኛውንም ሕግ ተላልፎ ሽጉጥ በመያዝ የተፈረደበትን የውጭ ዜጋ ከአገር ያስባርራል፤ ሃያ ዓመት ግብር መክፈሉ፣ ልጆቹ እዚህ መወለዳቸው ብቻውን አያስጥለውም። እንዲህ ያለ ክስ የመጣበት ሰው ከወንጀል ጠበቃው ጎን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር ምንም ነገር አይመን።

ሽጉጣችሁን ይዛችሁ በሜሪላንድ በኩል ወደ ፔንስልቬንያ ማለፍ ካለባችሁ የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ ከለላ ይሰጣችኋል፤ ግን በሁለቱም ጫፍ መያዝም መታጠቅም የተፈቀደላችሁ መሆን አለባችሁ። ጥይቱ ከሽጉጡ ወጥቶ፣ ሁለቱም እጅ የማይደርስበት የመኪናው የኋላ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጡ። የመኪናው የፊት ኪስ፣ ቢቆለፍም፣ አይቆጠርም። ከለላው ለአላፊ መንገደኛ እንጂ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቶ ሌሊቱን ለሚሠራ አይደለም። ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ደግሞ ፈቃድ ቢኖራችሁም ኩባንያዎቹ በሥራ ላይ መሣሪያ እንደሚከለክሉ እወቁ።

ያ ወጣት የዚያኑ ዕለት ሽጉጡን ቤቱ ቆልፎ ወደ ሥራው ሄደ። ለሜሪላንዱ ሥልጠና ተመዝግቧል። እስኪጨርስ ሌሊት ሁለተኛ ሰው አብሮት እንዲመደብ የማደያውን ባለቤት ሁለታችን ሄደን ጠይቀናል፤ መልሱን ዓርብ እንሰማለን።