«ፒክ አፕ» ማንሳት ብቻ መስሎሽ እንዳትቀሪ

እህቴ፣ «እንግሊዝኛው ፒክ አፕ ስንት ትርጉም ነው ያለው? መዝገበ ቃላቱ ማንሳት ይላል፣ ሰው ግን በየቦታው ለሌላ ነገር ይጠቀምበታል፣ እንዴት ላጥናው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ይቺ ቃል እኔን ብዙ አስከፍላኛለች። አንቺም እንደኔ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ሥራ መግባትሽ አይቀርም ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. ዝርዝሩን አትሸምድጂ። እኔ ሸምድጃለሁ። ደብተር ላይ 14 ትርጉም ጽፌ ማታ ማታ አነበንብ ነበር፣ ሥራ ቦታ ስደርስ አንዱም አልደረሰልኝም። ይልቅ አብሮት ያለውን ቃል ያዢ። ስልክ ከሆነ ማንሳት ነው፣ ልክ እንደኛ። ልጅ ከሆነ ከትምህርት ቤት ማምጣት። ወተት ከሆነ በዚያው ገዝቶ መምጣት። ቋንቋ ከሆነ ክፍል ሳይገቡ ከሰው መልመድ። ጉንፋን ከሆነ መያዝ። «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ካሉሽ ደግሞ ገበያው እየደራ ነው ማለት ነው።

በኛም እኮ ያው ነው። ፎቶ እናነሳለን፣ ጥያቄ እናነሳለን፣ የሰው ስም እናነሳለን። ፎቶ አነሳኝ ስትዪ ከመሬት ብድግ አደረገኝ ማለትሽ ነው ብሎ የሚያስብ ሐበሻ የለም። «አለ» ማለት ተናገረ ነው ብሎ የተማረ ፈረንጅ ደግሞ «ዝም አለ» ሲባል ምን እንደሚገባው አስቢው።

2. ቀን ከተከተለው ተጠንቀቂ። በ2017 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወሬ። ሐሙስ ማታ የሥራ ፕሮግራም የምታወጣዋ ሴት ደወለችና «ካን ዩ ፒክ አፕ ሳተርደይ ሞርኒንግ?» አለችኝ። የስም ባጄ ተሰብሮ አዲስ እስኪሠራልኝ እየጠበቅኩ ስለነበር ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂ ያለችኝ መሰለኝ። «የስ፣ ቴንክ ዩ» ብዬ ዘጋሁ። እሷ የጠየቀችኝ ግን የቅዳሜን የጠዋት ሺፍት ትሠሪያለሽ ወይ ብላ ነው።

ቅዳሜ በኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ልደት ልሄድ ለባብሼ ደረስኩ። ሺፍቱ የሚጀምረው 1 ሰዓት ነው። ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች አንዲት የሴራሊዮን ሴት እኔን ስትጠብቅ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቤቷ ሳትሄድ ቆይታለች። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም፣ ዓይኗ ደም መስሏል። አልተቆጣችኝም። ቀሚሴን አየችና ዞር አለች። እስካሁን የሚያመኝ እሱ ነው።

ሰኞ ቢሮ ተጠራሁ። ወረቀቱ ላይ «ኖ ኮል ኖ ሾው» ይላል፣ ሳይደውል የቀረ ማለት ነው። ላስረዳ ስል አለቃዋ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል «ዩ ሴድ የስ»፣ አዎ ብለሻል፣ ብላ እስክሪብቶውን ገፋችልኝ። ፈረምኩ። ለሦስት ወር ተጨማሪ ሺፍት ተከለከልኩ። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሲሆን ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ እንደሚከፈል ታውቂያለሽ፣ ለእናቴ የምልከው ከዚያው ነበር። ቃል ስላልገባኝ ሥራ የናቅኩ ተደርጌ መጻፌ ዛሬም ያንገበግበኛል። «ወርክ» የምትል አንዲት ቃል ብትጨምር ምን ነበረበት? (ያ ወረቀት ራሱ «ራይት አፕ» ነው የሚባለው። «ዌር ሪትን አፕ» ሲሉሽ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብሻል ማለት ነው፣ ይሄንንም ያዢው።)

ስለዚህ እንዲህ ሲሉሽ አዎ ከማለትሽ በፊት ሰዓቱን ጠይቂ። «ሰቨን ቱ ስሪ?» በይ (በኛ ከ1 እስከ 9 ሰዓት መሆኑ ነው)፣ በቃ። ሺፍት ከሆነ አዎ ትልሻለች፣ ዕቃ ከሆነ ታርምሻለች። እኔ ከዚያ ወዲህ አንድም ሺፍት አምልጦኝ አያውቅም። ዛሬ አዲስ የሚገቡትን የማለማምደው እኔ ነኝ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ሌላ ነገር ሳላሳያቸው ይቺን እነግራቸዋለሁ።

ስትናገሪ ደግሞ «ፒክ አፕ ኢት» አይባልም፣ «ፒክ ኢት አፕ» ነው። «ሂም»ም «ሄር»ም እንደዚሁ መሃል ይገባሉ። አገር ቤት ፒክአፕ የምንላት መኪና ስትሆን ድምፁ የሚጠነክረው «ፒክ» ላይ ነው፣ ግሡ ሲሆን ግን «አፕ» ላይ። ጆሮሽ ይለምደዋል።

አንቺ የሰማሽበትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ጻፊልኝ፣ አብሮት ምን እንዳለ ልየው። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ፣ 9 ሰዓት ስወጣ እመልስልሻለሁ።