መልስ፦ አድቬንትና የነቢያት ጾም አንድ ናቸው?

አንድ አይደሉም፤ የሚጠብቁት ግን አንዱን ጌታ ነው። አድቬንት የምዕራብ ክርስቲያኖች ገናን የሚጠብቁበት ወቅት ነው። ጀርመኖቹ ባልደረቦችሽ በየእሑዱ አንድ ሻማ እየጨመሩ አራት እሑድ ይጠብቃሉ። የእኛ የነቢያት ጾም ግን ኅዳር 15 ገብቶ ገና ዋዜማ ድረስ ይጾማል።

«ከሥጋና ከወተት ከመከልከል ሌላ ምን ልያዝ?» ላልሽው፣ ከገና በፊት ያሉትን ሦስት የታኅሣሥ እሑዶች ያዢ፦ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ (እረኛ ማለት ነው)። በተለይ በኖላዊ ሳምንት መዝሙር 79ን ጮክ ብለሽ ጸልዪው፤ «የእስራኤል ጠባቂ ሆይ፥ አድምጥ» ብሎ ይጀምራል። ነቢያቱ የጮኹት ጨንቋቸው ነው፤ አንቺም የሚያስጨንቅሽን በስሙ እየጠራሽ ንገሪው። ለጾሙ ነፍስ የሚሰጠው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የመሥሪያ ቤትሽ የገና ግብዣ የሚውለው ጾሙ ሳይፈታ ነው። ጾመኛ መሆንሽን ቀደም ብለሽ ለጋባዡ ንገሪ፤ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ማስረዳት ወደ ክርክር ሲዞር፣ ሰውም ሲቀየም ደጋግሜ አይቻለሁ።