ለሱባኤ ቦታው ጥያቄ፦ ከክሱ በፊት ጉድጓዱንና ድምፅ ማጉያውን እዩ

ሰላም ወንድማችን፣ ጥያቄህን አየሁት። ደብራችሁ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ለሱባኤና ለወጣቶች ጉባኤ የሚሆን መሬት በቀብድ ይዟል፤ ጎረቤቶቹ መንገድ ዳር የተቃውሞ ሰሌዳ ተክለዋል። «ዘረኝነት ነው፣ ሎየር ይዘን እንክሰስ ወይ?» ነው ያልከው። የእኛም ደብር እዚያው ስቴት ውስጥ በዚሁ አልፏል፤ የሕንፃ ኮሚቴው ውስጥ ስለነበርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

ዘረኛ የለም አልልህም። «እነዚህ ሰዎች» እያለ የሚያወራ እኛም ገጥሞናል። አብዛኛው ሰው የሚያነሳው ግን ውሃ፣ መኪናና ድምፅ ነው፤ የካውንቲው ቦርድም የሚመዝነው እሱኑ ነው። አጥር የምትጋራን አንዲት ባልቴት በሩን እንደከፈተችልን «የእኔ ጉድጓድ ኦገስት ላይ ውሃው ይቀንሳል። እናንተ ስንት ሰው ነው ሻወር የምታስገቡት?» አለችን። እውነቷን ነው፤ የከተማ ውሃ በሌለበት ሁሉም የሚጠጣው ከጓሮው ነው። ጉድጓዳችን በደቂቃ ስንት ጋሎን እንደሚሰጥ፣ አፈሩም የስንት ሰው ሴፕቲክ (የፍሳሽ ጉድጓድ) እንደሚችል በባለሙያ አስለካንና የአልጋውን ቁጥር ቀነስን። ወረቀቱን ወስደን አሳየናት። ሂሪንጉ (ካውንቲው የሕዝቡን አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ) ላይ አልደገፈችንም፣ ግን ተነስታ አልተቃወመችም። (ያን ቀን ድፎ ዳቦም ይዘን ሄደን ነበር፤ የጠየቀችን ግን ሳይት ፕላኑን፣ የቦታውን ንድፍ፣ ነው።)

እኛን ከሁሉ በላይ ያደከመን ድምፅ ማጉያው ነው፤ እሱም ከጎረቤት ይልቅ ከራሳችን ሰው ጋር። ጎረቤቶቹ ውጭ ስፒከር እንዳይኖር ጠየቁ። የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ «ያለ ድምፅ ማጉያ ምኑን ንግሥ ሆነ?» ብለው ተቆጡ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሌሊት ማኅሌቱና ከበሮው ሕንፃው ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፤ የውጭ ስፒከር ለተቆጠሩ በዓላት ብቻ፣ በቀን፣ ለጎረቤት አስቀድሞ ተነግሮ እንዲሆን ተስማማን። ይህም ካውንቲው በሰጠን ፍቃድ ላይ በግዴታነት ተጻፈ። እስካሁን እንደ ሽንፈት የሚያወሩት አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ሰው ፖሊስ ጠርቶ ሲመጣብን አውጥተን የምናሳየው ወረቀት አለን።

የሰው ቁጥር አትደብቁ። አንዱ ጎረቤት የጥምቀታችንን ፎቶ ከፌስቡክ አትሞ ሂሪንጉ ላይ ይዞ ቀረበ። እኛ ማመልከቻው ላይ የወትሮውን ቅዳሜና እሁድ ለብቻ፣ ንግሡን ለብቻ ከነፓርኪንጉ ስለጻፍን መልስ ነበረን። ደመራ የምታበሩ ከሆነም ፋየር ማርሻሉን (የእሳት ደኅንነት ኃላፊውን) ከአሁኑ ጠይቁ።

ወደ ክሱ ስመጣ፣ ሕጉ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ክሊንተን የፈረሙት፣ ሎየሮቹ «አርሉፓ» የሚሉት የፌዴራል ሕግ፣ ካውንቲ በዞኒንግ (በመሬት አጠቃቀም ደንብ) ሰበብ አምልኮ ላይ ያለ በቂ ምክንያት ከባድ ጫና እንዳያደርግ ይከለክላል። ግን ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን የሚያየው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥቷል። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ቤቴል የተባለ ቤተ ክርስቲያን 119 ኤከር ገጠር መሬት ሲገዛ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ይፈቀድ ነበር፤ ካውንቲው ሕጉን የለወጠው በኋላ ነው። በ2013 ፍርድ ቤቱ «ክሱ ለችሎት ይቅረብ» አለ። በ2016 ደግሞ ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ላይ ቦታው ደንቡን እንደማያሟላ እያወቀ ውል የገባ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ሲቀርብ፣ ችግሩን ያመጣው ራሱ ነው ተብሎ ተሸነፈ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ካውንቲው ዞኒንግ ቢሮ ሄዳችሁ በዚያ መሬት ላይ የሱባኤ ማዕከል ያለ ልዩ ፍቃድ ይሠራ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ልዩ ፍቃድ ያስፈልጋል ካሏችሁ፣ ሪልተራችሁ ግዢው ፍቃዱ ሲገኝ ብቻ እንዲጸና ውሉን ያስተካክል። ሻጩ እምቢ ካለ እኔ ብሆን ቀብዴን ለማስመለስ እሞክራለሁ እንጂ ግዢውን አልጨርስም።

ሎየሩን አሁን የምትይዙት ማመልከቻውን እንዲያይላችሁ ይሁን። ቦርዱ ከከለከላችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ሰርኪት ኮርት (የስቴቱ ፍርድ ቤት) ለመሄድ ያለው ጊዜ ከውሳኔው ቀን ጀምሮ 30 ቀን ብቻ ነው፤ ያኔ ሎየር ፍለጋ ከጀመራችሁ አይደርስም። ስለ ድምፁ የተስማማንበትን ጽሑፍ ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።